ስብከት የለበሰ የግብር መዝገብ

በ1549 ጆን ቤል የተባለ እንግሊዛዊ ስለ አንድ ነጋዴ ጻፈ። (እዚህ የምጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እየቀነሳችሁ አትድከሙ።) ነጋዴውን አውቀዋለሁ፣ ስሙን ግን ለጊዜው አልናገርም ይላል። ይህ ሰው የሁለት ትልልቅ ቤተ መጻሕፍትን መጻሕፍት ጠቅልሎ በአርባ ሽልንግ ገዛ። ሸቀጥ ሊጠቀልልባቸው ነው የገዛቸው። ከአሥር ዓመት በላይ እየገነጠለ ጠቀለለባቸው። ለሌላ አሥር ዓመት የሚበቃ ደግሞ ገና ተርፎታል።

ቤል ዝርዝሩን ይቀጥላል። ከገዳማት የወጣው ብራና አንዳንዱ የመቅረዝ ማሻ፣ አንዳንዱ የጫማ መወልወያ ሆነ። አንዳንዱ መጸዳጃ ቤት ገባ። ለቅመማ ቅመም ቸርቻሪና ለሳሙና ሻጭ የተሸጠ አለ። ባሕር ማዶ ላሉ መጽሐፍ ጠራዦች የተላከም አለ፤ ያውም በትንሽ በትንሹ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፣ መርከብ ሙሉ እየሆነ ነው የሄደው።

መቼም ቆሎ በደብተር ቅጠል ተጠቅልሎለት ያደገ የከተማ ልጅ በዚህ ብዙም አይደነግጥም። የማናውቀውን ልጅ የሒሳብ ፈተና፣ ቀዩ ኤክስ እንኳ ሳይለቅ፣ ቆሎውን እየቆረጠምን ያነበብን ሰዎች ነን። እኔን የገረመኝ የተናጋሪው ማንነት ነው። ቤል ለገዳማቱ የሚቆረቆር ሰው አልነበረም። ራሱ መነኩሴ ነበር፤ ቆቡን ጥሎ፣ ሚስት አግብቶ፣ የመነኮሳቱን ገመና በመጽሐፍም በቴአትርም ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ገዳማቱን ሲዘጋቸው እሰይ ካሉት አንዱ እሱ ነው። መነኮሳቱ ይሂዱ፤ መጻሕፍቱ ግን ምን በደሉ? ነው ያለው።

ስለ እነዚያ መጻሕፍት ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው በወርቅ ያጌጠውን ወንጌልና ዳዊት ነው። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ከመደርደሪያው ሁሉ ድኻ ስለነበረው መጽሐፍ ነው፤ ስለ ስብከት መጽሐፍ። ወርቅ የለው፣ ሥዕል የለው። ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፣ ለመያዝ የሚመች። ጽሕፈቱ የተጠጋጋ፣ ቃላቱ በምሕጻር የተቆራረጡ፣ ዳርና ዳሩ በማስታወሻ የተሞላ። ለአናጢ መዶሻው ምን እንደሆነ ለተጓዥ ሰባኪም ይህ መጽሐፍ እንደዚያ ነበር።

እንዲህ ያለው መጽሐፍ የበዛው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። በ1215 ሮም ላይ በላተራን የተሰበሰበው ጉባኤ ጳጳሳቱ ብቻቸውን ሕዝቡን ሁሉ አስተምረው ስለማይዘልቁት፣ በቃልም በሥራም የበቁ ሰዎች ለስብከት ይመደቡላቸው ብሎ ወሰነ። በዚያው ዘመን የፍራንሲስና የዶሚኒክ ተከታዮች ተነሡ። የዶሚኒክ ማኅበር ስሙ ራሱ «የሰባክያን ማኅበር» ነው። እነዚህ ሰዎች በር ዘግተው የሚቀመጡ አልነበሩም። ከከተማ ከተማ በእግራቸው እየዞሩ ይሰብኩ ነበር። ለየእሑዱና ለየበዓሉ አዲስ ስብከት ከራስ ማመንጨት ደግሞ ለሁሉም የተሰጠ ጸጋ አይደለም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የናሙና ስብከት እያዘጋጁ በመጽሐፍ አወጡላቸው። በ1298 ያረፈው የጄኖቫው ሊቀ ጳጳስ ያዕቆብ ዘቮራጂኔ ያዘጋጃቸው ስብከቶች አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር አዳርሰዋል። ፓሪስ ላይ መጽሐፍ አከራዮች ዋናውን ቅጂ በክፍል በክፍል እየለያዩ ለገልባጮች ያከራዩ ነበር፤ አንዱ የመጀመሪያውን ክፍል ሲገለብጥ ሌላው ሁለተኛውን ይዟል። የኮፒ ቤት ወረፋ በሉት፣ ማሽኑ ብቻ የለም። ዴቪድ ዳቭሬ የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ምሁር በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ነገር ኅትመት ባልነበረበት ዓለም የተሠራበት የብዙኃን መገናኛ ነው እስከ ማለት ደርሷል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ካልተናገርኩ ኋላ ግር ይላችኋል። ስብከቱ የሚጻፈው በላቲን ነው። የሚነገረው ግን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ነው፤ በጀርመንኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በስዊድንኛ። ንባቡን በግዕዝ ብሎ ትርጓሜውን በአማርኛ ሲያወርድ የሰማ ሰው ይህ አይቸግረውም። ገበሬው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ የኖረው ትምህርት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ አራጣ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ስካር የተነገረው ሁሉ በወረቀት ላይ የቀረው በማይሰማው ቋንቋ ነው ማለት ነው። ያም ሆኖ ያ ተራ ሰው በየሳምንቱ ምን እየተባለ እንደኖረ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለንም። የንጉሡን ነገር ዜና መዋዕሉ ይነግረናል። የሊቁን ነገር መጽሐፉ ይነግረናል። የባላገሩ ጆሮ ምን እንደሰማ የሚነግረን ስብከቱ ነው።

የሥራ መሣሪያ ዕጣው ግን ይታወቃል፤ እስኪያልቅ ይሠራበታል፣ ከዚያ ይጣላል። ባለወርቁን ወንጌል ዕቃ ቤት ቆልፈው አኖሩት። የስብከቱ መጽሐፍ በመንገድ ዝናብ መትቶት፣ በጣት እድፍ ጠቁሮ፣ አዲስና የተሻለ ሲመጣ ቦታውን ለቀቀ።

ልብ በሉ፤ ያረጀው ጽሑፉ ነው፣ ቆዳው አላረጀም። ብራና ምን ያህል የድካም ውጤት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ከብቱ ታርዶ፣ ቆዳው ተነክሮ፣ በመወጠሪያ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ነው እዚያ የሚደርሰው። ያንን የሚያህል ነገር ጽሑፉ ስላረጀ ብቻ ማን ይጥለዋል? አይቀደድም፣ ታጥፎ አይሰበርም፣ ሙጫ ይቀበላል። መጽሐፍ ጠራዡ ለጀርባው ማጠናከሪያ ቀጭን ክር የሚመስል ቁራጭ ይፈልጋል፤ ለገበታው ውስጠኛ ፊት ደግሞ የሚለጠፍ ሙሉ ቅጠል ይፈልጋል። በእኛም አገር የአሮጌ ብራና ቅጠል ለአዲሱ መጽሐፍ መጀመሪያና መጨረሻ መከለያ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን በ1450ዎቹ ጉተንበርግ ማተሚያውን ከሠራ በኋላ ነገሩ ከልክ አለፈ። በእጅ የተጻፈው ስብከት በታተመ ስብከት ተተካ። የታተመው መጽሐፍ ሲበዛ ጠራዡ ሥራ በዛበት፣ ሥራ ሲበዛበት ቁራጭ ቆዳ ፈለገ፣ ቁራጩን ደግሞ ያገኘው ከዚያው ከተተካው የእጅ ጽሑፍ ነው። የልጁ ልብስ ከአባቱ ካፖርት ተቀዶ ተሰፋ እንደማለት ነው። ኒል ኬር የተባለ ምሁር ከ1515 እስከ 1620 ግድም በኦክስፎርድ በተጠረዙ መጻሕፍት ገበታ ላይ ተለጥፈው የተገኙትን ቅጠሎች ብቻ ቆጥሮ በ1954 ያወጣው ዝርዝር ራሱን የቻለ ወፍራም መጽሐፍ ሆኗል።

ስዊድን ላይ የሆነው ግን ከሁሉም ይለያል። እኔንም ወደዚህ ወሬ ያስገባኝ እሱ ነው።

ጉስታቭ ቫሳ በ1523 ሲነግሥ ካዝናው ባዶ ነበር። የሊቤክ ነጋዴዎች ዕዳ በጀርባው ነበር። በ1527 ቬስቴሮስ ላይ ጉባኤ ጠርቶ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሀብት ወደ ዘውዱ እንዲዞር አስወሰነ። የሉተር ትምህርት ገባ፣ ገዳማቱ አንድ በአንድ ተራቆቱ፣ የላቲኑ ቅዳሴ ቀስ በቀስ ቀረ። ንጉሡ በየአውራጃው ምስለኔ ሾመ። ምስለኔው ከገባሩ ስንት ቅቤ፣ ስንት እህል፣ ስንት ቆዳ፣ ስንት የደረቀ ዓሣ እንደተቀበለ በወረቀት እየጻፈ ስቶክሆልም ላለው ለንጉሡ ግምጃ ቤት በየዓመቱ ያስረክብ ነበር። ወረቀት ደግሞ ልባስ ይፈልጋል። የግምጃ ቤቱ ጸሐፍት ልባሱን ለመግዛት አልደከሙም። ከየቤተ ክርስቲያኑና ከየገዳሙ የተሰበሰበው የላቲን መጽሐፍ እጃቸው ላይ ነበር። ድርብ ቅጠሉን ከጥራዙ ይመዙና የዓመቱን ሒሳብ ይጠቀልሉበታል። ከዚያ በቅዱሱ ጽሑፍ ላይ፣ ባዶ ቦታ ከተገኘ በኅዳጉ፣ ካልተገኘ በላዩ ላይ፣ የአውራጃውን ስም፣ የምስለኔውን ስምና ዓመቱን ይጽፋሉ። ይህ አሠራር እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ዘለቀ።

እንግዲህ ምጸቱን ተመልከቱ። ንጉሡ እነዚያን መጻሕፍት ጊዜ ያለፈባቸው የጳጳሱ ተረቶች አድርጎ ነው ያያቸው። ጸሐፍቱም እንደ ቆዳ እንጂ እንደ መጽሐፍ አልቆጠሯቸውም። የግብር መዝገብ ግን ሕዝብ ይጠላዋል እንጂ መንግሥት አይጥለውም! ገዳሙ ፈርሷል፣ መነኮሳቱ ተበትነዋል፣ ቤተ መጻሕፍቱ አመድ ሆኗል፤ የቅቤው ሒሳብ ግን ተጠብቋል። ከቅቤው ሒሳብ ጋር ልባሱም ተጠብቋል። ዛሬ የስዊድን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ20 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች አሉት። ፊንላንድ እስከ 1809 የስዊድን ግዛት ስለነበረች የእሷም ድርሻ ኋላ ወደ ሄልሲንኪ ተዛውሯል፤ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ቅጠል ይገኛል፣ ከ1,500 ግድም መጻሕፍት የተመዘዘ። ከመካከለኛው ዘመን ፊንላንድ መጽሐፍ ብለን ልንቆጥረው ከምንችለው አብዛኛው ይኸው ነው።

ያችን የጸሐፊውን ሁለት መስመር ማስታወሻ፣ አውራጃውንና ዓመቱን፣ መጀመሪያ ሳያት ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተለቀለቀ ድፍረት መስላ ታየችኝ። ስታስቡት ግን ባለውለታ ናት። የአንድ መጽሐፍ ቅጠሎች በአምስትና በስድስት ዓመት መዝገብ ላይ ተበትነው ሲገኙ፣ የት አገር ሒሳብ ላይ እንደነበሩ ስለሚታወቅ ምሁራኑ እየገጣጠሙ መልሰው መጽሐፍ ያደርጓቸዋል። የፊንላንዱን ክምችት በዝርዝር ማሳተም የጀመረው ቶይቮ ሃፓኔን የሚባል ሰው ነው፣ በ1922። የሙዚቃ ምሁርና የኦርኬስትራ መሪ ነበር። ጧት የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ዜማ ከግብር መዝገብ ላይ ሲለቅም፣ ማታ ደግሞ ኦርኬስትራ ፊት ዱላውን ይዞ ሲቆም ይታየኛል።

ከእነዚህ ቅጠሎች ትልቁን ድርሻ የያዙት የቅዳሴና የዜማ መጻሕፍት ናቸው። ስብከቱ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። ለመዝገብ ልባስ የሚሆነው ሰፊ ቅጠል ነው። በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ብዙ ዘማሪ ከሩቅ የሚያነበው የዜማ መጽሐፍ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። የሰባኪው መጽሐፍ ደግሞ አጭር ነው፤ ሒሳቡን አይሸፍንም። ድኻው መጽሐፍ ለመጠቅለያነት እንኳ አልበቃም ማለት ነው። ስለዚህ የስብከት ቅጠል ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ተቆራርጦ ነው፤ በጥራዝ ጀርባ፣ በገበታ ውስጥ፣ በሁለት ጣት ስፋት። ሙሉውን ማየት የሚፈልግ ቫድስቴና የሚባለው የስዊድን ገዳም የተረፉትን መጻሕፍት ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ይይ፤ በሺህ የሚቆጠር የላቲን ስብከት እዚያ አለ። ቫድስቴና እስከ 1595 ሳይዘጋ መቆየቱ ነው ያዳናቸው። ሌሎቹ ያን ዕድል አላገኙም።

የብራናው ሌሎች ዕጣዎች ደግሞ ለጨዋታ የሚሆኑ ናቸው። ዴንማርክ ውስጥ በ1634 በልዑሉ ሠርግ ርችት ሲሠራ አሮጌ የብራና ቅጠሎች ለርችቱ ማሸጊያ እንደዋሉ ይነገራል። ሰሜን ጀርመን ቪንሃውዘን በተባለው ገዳም ደግሞ መነኮሳይቱ ለቅዱሳን ምስሎች ልብስ ሲሰፉ ጠርዙ እንዲቆምላቸው በውስጡ የላቲን ብራና ቁራጭ ከተውበታል። ይህኛው ጥፋት ነው ለማለት አፌ አልደፈረም። የጸሎቱን ቅጠል ለጽላት ልብስ ውስጥ ቢያኖሩት ማን ይቆጣል?

አሁን ወደምወዳት ቅጠል ልምጣ።

ሰሜን ፈረንሳይ፣ ቫላንሲየን በምትባል ከተማ ቤተ መጻሕፍት አንዲት የተጎዳች ብራና አለች። ከሌላ መጽሐፍ ጋር ተጠርዛ፣ ለዚያ መጽሐፍ ማጠናከሪያ ሆና ነው የኖረችው። ምሁራን ልብ ያሏት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የተጻፈችው ግን በ10ኛው ክፍለ ዘመን፣ እዚያው አቅራቢያ በነበረው በሳንታማን ገዳም ነው። ጸሐፊዋ ሰባኪ ነው። ለትውልድ ይቆይልኝ ብሎ የጻፋት አይደለም፤ ሕዝብ ፊት ሲቆም ቃሉ እንዳይጠፋው የያዛት ማስታወሻ ናት። ይህንን የምናውቀው ከአጻጻፉ ነው። ግማሹን በላቲን ይጽፋል፣ ግማሹን ሕዝቡ በሚናገረው፣ ኋላ ፈረንሳይኛ በሆነው ቋንቋ። በአንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፤ እኛ ዛሬ በአማርኛችን መሐል እንግሊዝኛ እንደምንሰነቅረው። ሲቸኩል ደግሞ ከሮማውያን የወረሰውን የአጭር ጽሕፈት ምልክት ይጠቀማል። ሊቁ ሄሮኒሞስ የጻፈውን ትርጓሜ ከፊቱ አድርጎ፣ በላቲን ያነበበውን በልቡ ወደ ሕዝቡ ቋንቋ እያዞረ፣ እጁ ግን ሁለቱንም እያቀላቀለ ሲጽፍ ነው የያዝነው።

ስለ ምን ይሰብካል? ስለ ነቢዩ ዮናስ። ስለ ነነዌ ሰዎች ንስሐ። ሕዝቡ ሦስት ቀን እንዲጾም ነው የሚያሳስበው። እኛ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ከሰኞ እስከ ረቡዕ የምንጾመውን ነገር፣ በዚያው በዮናስ ታሪክ ተመርኩዞ፣ ከሺህ ዓመት በፊት በሰሜን ፈረንሳይ ጭቃ ላይ የቆመ ሰባኪ ሲያውጅ አስቡት። ለምን እንጾማለን ለሚለው መልስ አለው። እጅግ ክፉ ካደረሱብን ከአረማውያን እጅ እግዚአብሔር እንዲያድነን ለምኑት ይላል። እነዚህ አረማውያን በመርከብ እየመጡ ገዳሙንም መንደሩንም ሲዘርፉ የኖሩት የሰሜን ሰዎች መሆናቸውን ምሁራን ይገምታሉ። የጀመረው ቡቃያ ለፍሬ እንዲበቃ ለምኑት፣ ከፍሬውም ምጽዋት ሰጥተን እሱን ደስ እንድናሰኘው ለምኑት ይላል። ከዜና መዋዕል የወራሪውን ዘመቻ እናገኛለን። ወራሪውንና ቡቃያውን በአንድ ትንፋሽ የሚፈራ ሰው ድምፅ የምናገኘው ግን እዚህ ነው።

አንዲት ቃል ደግሞ አለች፣ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዮናስ ከከተማዋ ውጭ ተቀምጦ ጥላ የሆነው ተክል በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ቅል» ነው። በቀደመው የላቲን ትርጉምም ቅል ነበር። ሄሮኒሞስ ከዕብራይስጡ እንደገና ሲተረጉም በሐረግ ለወጠው፤ በየግድግዳው የሚሳበውን ቅጠለ አረንጓዴ ሐረግ ማለቱ ነው። የዛሬዋ ትሪፖሊ በሆነችው ከተማ አንድ ጳጳስ ይህንን አዲስ ትርጉም ቢያነብ ምእመናኑ ሁከት አስነሡ፤ ጳጳሱ ሕዝቡን ከሚያጣ ብሎ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ተገደደ። ይህን የጻፈው አውግስጢኖስ ነው፣ ለራሱ ለሄሮኒሞስ፣ በ403። ለቅል የሚነሣ ሕዝብ አይናቅም። ይኸው በቫላንሲየኗ ብራና ላይ የእኛ ሰባኪ ተክሉን ሲጠራ በሕዝቡ ቋንቋ ሐረግ ይለዋል። ትልም መጥቶ ያንን ሐረግ እንደመታው ይተርካል። ከአፍሪካ ጠረፍ ያ ሁሉ ጩኸት ከተሰማ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ሄሮኒሞስ አሸንፏል ማለት ነው። የእኛ አባቶች ግን ከቅሉ አልተነቃነቁም።

ይህ ሰባኪ ማስታወሻውን አስተካክሎ፣ በጥሩ ላቲን ገልብጦ መጽሐፍ ቢያደርገው ኖሮ ጥሩ የላቲን ስብከት ይኖረን ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ደግሞ ሞልቷል። የተቀላቀለ አፉ ግን ይጠፋ ነበር። ዛሬ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ታሪክ ሲጻፍ ከጥቂቶቹ ጥንታዊ ምስክሮች አንዷ ተብላ የምትጠቀሰው ይህች ቁራጭ ናት። ያዳናት የሆነ ጠራዥ ነው፣ ቆዳ ስላስፈለገው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ምን ይደረግ? የቀድሞ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች መልሳቸው አጭር ነበር፤ ፈልቅቀው ያወጡታል። ስንቱ የድሮ ጥራዝ ለአንዲት ቅጠል ሲባል ፈረሰ! ቅጠሉም ከየት እንደወጣ ሳይጻፍ ሳጥን ውስጥ ተወረወረ። የዛሬዎቹ ባለሙያዎች ተጠንቅቀዋል። በተቻለ መጠን ባለበት ይተዉታል፤ ቅጠሉ ከየትኛው መጽሐፍ ጋር እንደኖረ ራሱ ታሪክ ነውና። በ2016 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መጽሐፉን ሳያፈርሱ በጥራዙ ጀርባ ውስጥ የተደበቀውን ጽሑፍ በኤክስሬይ ማንበብ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ የጥንቱ ቀለም ውስጥ ያለው ብረት ነው የሚያሳብቀው። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ስዊዘርላንድ ፍሪቡር ላይ ፍራግሜንታሪየም የተባለ የዲጂታል ሥራ ተከፍቶ በተለያየ አገር ያሉ ቁርጥራጮች ምስላቸው በአንድ ቦታ እየተገናኘ ነው። የአንዱ ገጽ ግማሽ እዚህ አገር፣ ግማሹ እዚያ አገር ሆኖ በምስል ሲጋጠም ማየት ደስ ይላል።

በሌላ በኩል የሚቆርጡም አልጠፉም። በ1951 የሞተው ኦቶ ኤጊ የተባለ አሜሪካዊ፣ ክሊቭላንድ የሥነ ጥበብ መምህር የነበረ ሰው፣ የመካከለኛውን ዘመን መጻሕፍት እየገዛ ቅጠል በቅጠል ይሸጥ ነበር። ከሃምሳ መጻሕፍት ሃምሳ ቅጠል በአንድ ሳጥን፤ እንዲህ ያለ አርባ ሳጥን ተዘጋጅቷል። ክርክር ነበረው፤ ሙሉ መጽሐፍ መግዛት የማይችል ትምህርት ቤትና ተራ ሰው አንዲት ቅጠል ቢኖረው ምን አለበት ይላል። ሲሰሙት ልብ ይነካል። እኔ ግን ከኤጊ የጉስታቭ ቫሳን ጸሐፊ እመርጣለሁ። ያኛው ቢያንስ ቆዳውን የገነጠለው ለሥራ ነው፤ ከየት አውራጃ ሒሳብ ጋር እንዳኖረውም ጽፎበታል።

ይህን የምለው የእኛም ብራና በዚያው ገበያ ላይ ስለሆነ ነው። ከግዕዝ መጻሕፍት የተነጠሉ ቅጠሎች በየአገሩ በጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች እጅ አንድ በአንድ ይሸጣሉ። ሥዕል ያለበት ዋጋው ይከብዳል። ሥዕል የሌለበትን አሮጌ ቅጠል ደግሞ አዲስ ሥዕል እየሣሉበት ለቱሪስት የሚያቀርቡ አሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ ከነዘንዶው፣ በሰው ድርሳን ላይ። ከቀለሙ ሥር ዓይን ለሚያጠራ ሰው የቁም ጸሐፊው ፊደል ብቅ ብቅ ይላል። ገዢው ክፈፍ አስገብቶ ሳሎኑ ላይ ይሰቅለዋል፤ ወደ ሥዕሉ ይመለከታል። ከየትኛው ደብር፣ ከየትኛው መጽሐፍ፣ በስንት ዓመት እንደወጣ የሚናገር ሁለት መስመር ግን በጀርባው የለም።